የሟቹን ድምፅ ማን ይክፈት

የዋርጉማ ባህልና ቅርስ ማኅበር መኪና አሸዋ ውስጥ ስትሰምጥ በዚያ በኩል ያለፈው ሰው ሆራስ ባይሆን ኖሮ፣ የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ ሳይነገር በቀረ ነበር። የማኅበሩ ሠራተኛ ዴልፊን ለመንደሩ ልጆች ጉዞ የድንኳን ቦታ ልትመርጥ ብቻዋን ወደ ባሕሩ ዳር ወርዳ ነበር። የኋላዎቹ ጎማዎች እስከ ወገባቸው ተቀብረዋል፤ ባሕሩም መሙላት ጀምሯል። እሷ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ስትዝቅ፣ አጎቷ ሆራስ የዓሣ ክሩን በጠርሙስ ላይ እንደጠቀለለ፣ በሩዝ ከረጢት ዓሣ ይዞ ብቅ አለ።

«ማኅበሩ አዲስ ቤት ሊሠራ ነው እንዴ? መሠረቱ ጥልቅ ነው» አላት።

«አጎቴ፣ አይቀልዱብኝ። ውሃው እየመጣ ነው።»

«ውሃው እኔ ሳልወለድም ይመጣ ነበር። የጎማውን አየር አላወጣሽም?»

«ረሳሁት።»

«ዲፕሎማው ላይ የለም ማለት ነው።» ባሕሩ ተፍቶት በሄደ ግንድ ላይ በዝግታ ተቀመጠ። «በይ አንቺ ሥሪ፣ እኔ ላውራ። እግሬ አብጧል፤ አፌ ግን ደህና ነው።»

ዴልፊን የማኅበሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ናት። ወደ ሰሜን አውስትራሊያዋ ከተማ ወደ ዳርዊን ሄዳ ተምራ ከተመለሰች ጀምሮ የመንደሩ ልጆች የአያቶቻቸውን ቋንቋ፣ የባሕሩን ዳር መንገድና ዘፈኑን እንዲያውቁ ስትለፋ ኖራለች። ሽማግሌ ስትለምን፣ መኪና ስትነዳ፣ ለቦርዱ ስትመልስ ውላ፣ ማታ ደግሞ የልጆቹን ልብስ ከየጭቃው የምትለቅም እሷው ናት። እንዲህ ያለች ሴት ሰነፍ ናት የሚላት የለም። ነገር ግን ትጉህ ሰው የሚሳሳተው ስህተት አለ፤ ሆራስ ሊነግራት የመጣው እሱን ነበር።

«የሚመጣው ወር ዳርዊን ይወስዱኛል» አለ። «ኩላሊቴ አልሠራ ስላለ ከማሽን ጋር ሊያጋቡኝ ነው። ከተመለስኩ መልካም፤ ካልተመለስኩም እንግዲህ። ከመሄዴ በፊት ግን የወንድሜን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ። ልጆቹም ይስሙት።»

አየሩን ስታስተነፍስ የነበረው የዴልፊን እጅ ጎማው ላይ ቀረ።

የሆራስ ታናሽ ወንድም፣ ዴልፊን ትንሹ አጎቴ የምትለው ሰው፣ ከሞተ ሁለት የዝናብ ወቅት አልፎታል። የማኅበሩ ምርጥ አስተማሪ እሱ ነበር። ከወንዙ አፍ ተነስቶ ቀይ አፍንጫ እስከሚባለው፣ ወደ ባሕር እስከገባው የምድር ጫፍ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ቦታውን በየስሙ እየጠራ፣ የት ውሃ እንዳለ፣ የት ለቦታው ጮክ ብሎ ሰላም ማለት እንደሚገባ በዘፈን ያስተምራል። እስከ ቀይ አፍንጫ ያለውን ሁለቱም ወንድማማቾች ያውቁታል። ወዲያ ያለውን ግን አባታቸው የሰጠው ለታናሹ ብቻ ነበር፤ ሆራስ ያን ጊዜ የሚሲዮን ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ከአገር ርቆ ነበርና። ታናሹ ከመሞቱ በፊት ሁሉንም በድምፅ ቀድቶት ነበር። በሞተ ጊዜ ግን እንደ ሥርዓቱ ስሙን መጥራት ቀረ፣ ፎቶግራፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ቤቱ በቅጠል ታጠነ። ቅጂውንም ዴልፊን የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየዓመቱ ቀይ አፍንጫ ድረስ ይሄዱና ይመለሳሉ።

«አጎቴ፣ ይህን ከእርስዎ አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም» አለችው። «ሕጉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፣ ድምፁ አይሰማም።»

«ስሙ አይጠራም ብያለሁ። ድምፁ አይሰማም ያልኩት መቼ ነው?»

«ያው አይደለም እንዴ?»

«እንዴት ያው ይሆናል? አባቴ ሲሞት ድምፁ አብሮት ሄደ። የአባቴ አባትም እንደዚሁ። ድሮ ድምፁን ሳጥን ውስጥ ትቶ የሞተ የኛ ሰው ታውቂያለሽ? በሌለ ነገር ላይ ሕግ የሚያወጣ ሽማግሌ አልነበረንም። ይህን ሕግ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ቁጭ ብለሽ።»

«ዳርዊን ስንማር ነው የነገሩን። አንድ ቦታ የሟች ፎቶ ሳያስፈቅዱ በበዓል ቀን ሰቅለው፣ እናቱ በሰው መሀል አይታው ወደቀች። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ እጅ እንዲደርስ አልፈልግም።»

«ደግ አስተምረውሻል። ግን ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ሳያስፈቅዱ መስቀላቸው ላይ ነው። አንቺስ ማንን አስፈቀድሽ?»

«እየጠበቅሁ ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ መጥቶ ክፈቱልን እስኪል።»

«ቤተሰቡ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት። ሚስቱ አክስቴ ቴልማም ናት።»

ሆራስ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጉልበቱን ይዞ እስኪያልፍለት ጠበቀ። «እኛ ደግሞ አንቺን ነው የምንጠብቀው» አለ።

በዋርጉማ ሰዎች ዘንድ የሌላውን ድርሻ ቀድሞ መንካት ከባድ ብልግና ነው። የራሱ ሥራ ያልሆነውን ሰው አፉን ይዞ ይጠብቃል፤ ባለ ድርሻው እስኪነሳ ድረስም ወደዚያ አያይም። መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ሁለት ወገኖች ድርሻው የሌላኛው ነው ብለው ሲያምኑ፣ በመተዛዘንና በመከባበር አንድ ትውልድ ሙሉ ሳይማር ሊያድግ ይችላል።

«እኔን?» አለች ዴልፊን። «እኔ ደግሞ ምን አግብቶኝ?»

«እናትሽ ማናት?»

«እህትዎ።»

«የወንድሜን ቤት በጭስ ያጠነው ማነው?»

«እኔና ወንድሜ።»

«ለምን እናንተ? እኔ እጅ የለኝም?»

«የእህት ልጆች ስለሆንን ነዋ። የእናታችንን ወገን ነገር የምንጠብቅ እኛ ነን።»

«እሰይ፣ ታውቂዋለሽ። ዘፈኑ የእኔና የወንድሜ ነው። ባለቤት ግን የራሱን አይዘጋም፣ የራሱን አይከፍትም፤ እንደፈቀደው እንዳያደርገው የእህት ልጅ ትጠብቀዋለች። የዘጋሽውም በሥልጣንሽ ነው። እኛም ዘጋች፣ አበጀች ብለን ተቀመጥን። ትከፍታለች ብለንም ተቀመጥን። መቀመጫችን አለቀ።»

«እሱ እኮ ለሥርዓቱ ነው አጎቴ። የማኅበር ቁም ሳጥን ምን አገናኘው?»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድነው? ብስኩት ነው?»

ዴልፊን ሳትወድ ፈገግ አለች። ግን በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም።

«መልካም» አለች። «ልጆች ከሕያው አፍ ነው መማር ያለባቸው፣ ማሽን አያት አይሆንም ብለው ቦርዱን በሙሉ የተቆጡት ማን ነበሩ?»

«እኔ ነኝ። ዛሬም እቆጣለሁ። ከቀይ አፍንጫ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ አንድ ሕያው አፍ አሳዪኝና ማሽኑን ራሴ ባሕር ውስጥ እጥልልሻለሁ።»

«መንፈሱስ? ድምፁን ሰምቶ ወደ ኋላ ቢመለስ?»

«በጭስ ሸኝተነዋል፣ በጭፈራም ሸኝተነዋል። ልብሱ ተቃጥሏል። እሱ አገሩ ገብቷል ልጄ። ድሮ የምንዘጋው የሚሄደውን እንዳናስቸግር ነበር። አሁን በሩ የተዘጋው በእሱ ላይ አይደለም፣ በልጆቹ ጆሮ ላይ ነው።»

ጎማዎቹ ሟሽሸው ነበር። ዴልፊን ተነስታ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ወደ ባሕሩም ዞረች።

«ሕግ አልሽው እንጂ» አለ ሆራስ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሐዘንሽ ነው የቆለፈው። ከሁላችንም ይልቅ አንቺን ይወድሽ ነበር። ድምፁን ሰምተሽ የምትሆኚውን ፈራሽ። እኔም ፈርቻለሁ። ግን እኔ ጊዜ የለኝም፤ ፍርሃቴን ዳርዊን ይዤው አልሄድም።»

«አክስቴ ቴልማ ብትጎዳስ?»

«ቤቷ መንገድ ላይ ነው። ሞተሩን አስነሺ።»

መኪናዋ ሁለት ጊዜ አቃሰተችና ወጣች። ውሃው ጉድጓዱን ሲሞላው ወደ ኋላ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

የሟቹ ሚስት ቴልማ በረንዳዋ ላይ ለቅርጫት የሚሆን ቅጠል ትሰነጥቅ ነበር። ዴልፊን ከፊቷ ቁጭ ብላ፣ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ከተወችው በኋላ፣ ነገሩን ነገረቻት። ቴልማ ቅጠሉን ከጉልበቷ ላይ አወረደች።

«ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በየእሁዱ አይሻለሁ» አለቻት። «ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። አንቺ ደግሞ ሰላም ብለሽኝ፣ ጉንጬን ስመሽ ትሄጃለሽ።»

«እርስዎ እስኪናገሩ ነበር የምጠብቀው።»

«እኔ ምን ብዬ? ጠባቂዋን ልጅ፣ በይ ክፈቺ ብዬ ላዝዝ? ምን አይነት ሴት ልባል ነው?» ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ነካ አደረገችና ቀጠለች። «መጀመሪያ ጭስ ይሁን። ስሙ ገና ነው፤ ማንም እንዳይጠራው። ድምፁ ግን ይምጣ። ቤቱ እኮ ጸጥ ብሎብኛል።»

በማግሥቱ የማኅበሩ ቢሮ በእርጥብ ቅጠል ታጠነ። ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን በፎጣ ሸፍና ውጭ ቆመች። ዴልፊንና ወንድሟ ቁም ሳጥኑን፣ በሩንና የልጆቹን ክፍል ዞረው አጠኑ፤ ከዚያ ዴልፊን ልጆቹ ፊት ቆማ፣ «የሆራስ ታናሽ ወንድም፣ የእናቴ ወንድም፣ ሊያስተምራችሁ ነው። እኔ ጠባቂዋ ከፍቼዋለሁ» አለች። ከዚያም ማጫወቻውን ከፈተች።

ቅጂው ጀመረ። መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ልክ እንደ ልማዱ። ከዚያም፣ «በሉ እንግዲህ፣ ከኋላ ያላችሁት፣ ማስቲካውን ትፉ፤ በማስቲካ አፍ አገር አይጠራም» አለ። ከኋላ የነበረች አንዲት ልጅ ደንግጣ ማስቲካዋን መዳፏ ላይ ተፋችው። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ቴልማ ነበረች፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች፣ የሆራስን ክንድ ይዛ ሳቀች። ዴልፊንም ስትፈራው የኖረችው ሰዓት መጥቶ በላይዋ ላይ ሲያልፍ ተሰማት። ልቧ ይሰበራል ብላ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙሉ እስትንፋስ ተነፈሰች እንጂ አልተሰበረም።

ልጆቹ ዘፈኑን እስኪይዙት ደጋግመው ሰሙት። የዝናቡ ደመና ከመሰብሰቡ በፊት ጉዞው ወጣ። ቀይ አፍንጫ ሲደርሱ፣ በየዓመቱ ዞረው ከሚመለሱበት ቦታ፣ ትልልቆቹ ልጆች በልማዳቸው ቆሙ። ማስቲካዋን የተፋችው ልጅ ቀጣዩን ስም አነሳች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ሰልፉም እየዘፈነ ጫፉን ዞረ።

ሆራስ በመኪናው መስኮት ተደግፎ ከኋላቸው ይከተል ነበር። ዘፈኑ፣ ልጣጩ እንደ ወረቀት በሚላጥ ነጭ ዛፍ ሥር በእጅ ማሱ ይላል። ዛፉ ነበረ። ልጆቹ ማሱት፤ መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ቀጥሎም ኩልል ያለ ውሃ፣ ከጨዋማው ባሕር ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ወጣ። የልጆቹ ጩኸት የባሕሩን ወፎች በሙሉ አስነሳ። በቆርቆሮ ኩባያ ለሆራስ አመጡለት። አባቱ ሳያሳየው የሞተውን ውሃ፣ ሽማግሌው ከወንድሙ ድምፅ በልጆች በኩል ተቀበለው።

«ውሃ አታብዙ ተብለዋል» አለችው ዴልፊን።

«አንድ ጉንጭ ነው። ለሐኪሙ የምትነግሪው አንቺ ካልሆንሽ ማንም የለም።» ጠጣና ኩባያውን ለረጅም ጊዜ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ አሠራር ተለወጠ። ድምፁን ለሚቀዳ ሽማግሌ ሁሉ ሻይ ከቀረበ በኋላ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ሲሄዱ ማን ይክፈትዎ? መቼስ ይክፈት?» የሚል ሆነ። መጀመሪያ አንዳንዶች ሟርት ነው ብለው አኮረፉ፤ አሁን ግን ራሳቸው አስቀድመው ይናገራሉ። አንዱ ከሁለት ክረምት በኋላ ይላል፣ ሌላው የልጅ ልጄ ሲያገባ፣ ሌላዋም በፍጹም አትክፈቱኝ ትላለች፤ የእሷም ቃል ይከበራል። ሐዘን ድርሻውን ያገኛል፣ ልጆችም ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ ባለቤትና ጠባቂ እየተጠባበቁ የሚያልፍ ዓመት የለም። ዴልፊንም ቢሮው የሰጣትን ኃላፊነት እናቷ ከሰጠቻት ኃላፊነት ለይታ ማስቀመጥ ተወች፤ ሁለቱም አንድ ሥራ መሆናቸውን አወቀች። ያረጀውን ሥርዓት አልጣለችውም፤ አዲስ ነገር በገጠመው ጊዜ ሥራውን እንዲሠራ አስነሳችው እንጂ።

ሆራስ ወደ ዳርዊን ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው የራሱን ድርሻ፣ ከወንዙ አፍ እስከ ቀይ አፍንጫ ያለውን፣ በልጆቹ ፊት ቀዳ። ሲጨርስ ዴልፊን ጥያቄውን አቀረበችለት። እሱም ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ፣ መንደሩ በሙሉ እንዲሰማው የፈለገ ይመስል ጮክ ብሎ ተናገረ።

«የሚከፍተኝ የእህቴ ልጅ ዴልፊን ናት፤ ሌላ ሰው የምትጠብቅ ከሆነ ይህን አሰሟት። ጭሱ ባለቀ ማግሥት ክፈቱኝ። ደግሞ ጭሱን አታብዙት፤ በሕይወቴም ያስለኝ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። ማሽኑ ገና አልተዘጋም ነበርና ሳቃቸውም ከእሱ ድምፅ ጋር አብሮ ተቀዳ።