በጳጉሜ የተወለደች

(የልብ ሕክምና ሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ ጠዋት፤ የቀዶ ሕክምናው ተራ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የክፍሉ ኃላፊ ጥሩወርቅና የኮምፒውተር ባለሙያው ይትባረክ አንድ ስክሪን ፊት ቆመው ይከራከራሉ።)

ጥሩወርቅ፦ «እኔ ነኝ የሰረዝኳት» ብዬ አልፈርምም አልኩህ። ልጅቷን ሦስት ጊዜ መዝግቤያታለሁ፤ ሦስቴም ጠፋች።

ይትባረክ፦ እትዬ፣ ሳያውቁት ሰርዘዋት ይሆናል። መዝጋቢዋ ላቀችም «አልሰረዝኩም» ስትል ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ላቀችን በዚሁ ሰበብ ባለፈው ወር አባረራችኋት። አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው?

ይትባረክ፦ እኔ ሪፖርት ነው የጻፍኩት። ያባረራት አስተዳደሩ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ተወው። አባቷ አዝሏት በር ላይ ቆሟል፣ ለቀዶ ሕክምናው ከውጭ የመጡት ሐኪሞች ነገ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ቁጭ በልና ራስህ መዝግባት።

ይትባረክ፦ እሺ፣ ይንገሩኝ።

ጥሩወርቅ፦ ዘርትሁን አበጋዝ። የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ስምንት።

ይትባረክ፦ ይኸው፣ «ተመዝግቧል» አለ። አዩ?

ጥሩወርቅ፦ እስቲ አሁን ፈልጋት።

ይትባረክ፦ የለችም።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ነኝ የሰረዝኳት? እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

ይትባረክ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወሩን አሥራ ሦስት ብዬ ነው ያስገባሁት።

ጥሩወርቅ፦ ጳጉሜ ታዲያ ስንተኛ ወር ሊሆን ኖሯል?

ይትባረክ፦ እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አምና ወር አሥራ አምስት፣ ወር ሃያ እየተጻፈ ሲያስቸግረን ኮምፒውተሩ ላይ ትሪገር የሚባል ትእዛዝ አስገባሁ። ዘበኛ በሉት። አዲስ ስም በገባ ቁጥር ማንም ሳያዘው ይነሳና ይፈትሻል፤ ከአሥራ ሁለት የበለጠ ወር ካየ ይሰርዛል። ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው የገለበጥኩት። ከዚያ ረሳሁት።

ጥሩወርቅ፦ ሲሰርዝ ለሰው አይናገርም?

ይትባረክ፦ እንዲናገር አላደረግኩትም።

ጥሩወርቅ፦ ላቀች እዚህ ወንበር ላይ ስታለቅስ እንኳ ትዝ አላለህም።

ይትባረክ፦ አላለኝም። እትዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ለልጅቷ መስከረም አንድ ብለን እንጻፍላት። ዘበኛውን በኋላ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ፣ ማንም አያውቅም።

ጥሩወርቅ፦ ልደቷን አትነካም። ዘበኛህን አንሳ፣ አሁኑኑ።

ይትባረክ፦ አነሳሁት። ዘርትሁን... አሥራ ሦስት... ሦስት። ገባች። ልፈልጋት... አለች እትዬ! አሥራ አንደኛ ተራ ላይ ናት።

ጥሩወርቅ፦ እሰይ። በል እንካ ስልኩን።

ይትባረክ፦ ማን ነው?

ጥሩወርቅ፦ ላቀች ናት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያልከኝን ለእሷም ንገራት።