ለሰሊጥ ወቅት ያጠበቅሁት ሹሩባ

በእኛ ጊዜማ፣ ሲስተር፣ ዱቄት ለሊጥ ነው እንጂ ለጠጉር ማን ያውቀው ነበር! ቅቤ ነው፣ ሚዶ ነው፣ ወስፌ ነው፣ በቃ። አሁን አንቺ ያን የህንድ ዱቄት በፌስታል አንጠልጥለሽ መጣሽና «እማማ፣ ይኸ እንዴት ነው የሚለወሰው? ጠጉሬ እየረገፈብኝ ነው» ስትይኝ የራሴ ጉድ ታወሰኝ። ፊቴን ያዞርኩብሽ ለዚያ ነው፣ ንቄሽ አይደለም። በይ ቁጭ በይ፣ እዚህ ረኩባው፣ ዳሱ ሥር ጥላ አለ፣ ነፋስም ሽው ይላል። አለውስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስሚኝ፣ ሰምተሽ ስታበቂ ትፈርጂኛለሽ።

እኔ ከወገራ ነው የወረድኩት፣ ባሌን ተከትዬ። «መተማ ሰሊጥ አለ» አለ፣ ወረድን፣ ሰሊጡም ነበረ፣ ወባውም ነበረ። እና እሱ ማሳ ሲውል እኔ ሹሩባ እሠራለሁ፣ የእናቴ ሙያ ነው። ታዲያ የደጋ ሹሩባና የቆላ ሹሩባ አንድ እንዳይመስልሽ። በደጋ በአሥራ አምስት ቀን ትፈቺያለሽ፣ ትታጠቢያለሽ፣ ቅቤሽን ትቀቢያለሽ። እዚህ ሰሊጥ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ ማሳ ነው፣ የምታጭደው፣ ለቀን ሠራተኛው የምታበስለው፣ ሂላው፣ የቆመው ነዶ፣ ሲደርቅ የምታራግፈው፣ አቧራው ነው፣ ላቡ ነው፣ ገለባው ነው። ውሃው በጀሪካን ተጭኖ ነው የሚሄደው፣ ለመጠጥም አይበቃ፣ ራስሽን በምን ትታጠቢያለሽ? ስለዚህ ሴቱ ማሳ ሳይወርድ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ እኔም ጥብቅ አድርጌ፣ ጥብቅ አድርጌ እሠራዋለሁ፣ እና አጨዳው አልቆ ሰሊጡ እስኪገባ አይፈታም። ጠጉሩ ተሸሽጎ ይከርማል፣ ሲፈታ ረዝሞ ይገኛል። «የትርንጎ ሹሩባ ማሳ ወርዶ ይመለሳል» ይሉኝ ነበር። ከሸሕዲ ይመጣሉ፣ ከአብርሃ ጅራ ሳይቀር በጭነት መኪና ተሳፍረው ይመጣሉ። ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ኮርቼ ነበር።

እና ያ ሁሉ ስም በምን መጣ? በማጥበቅ! ዓይኗ ወደ ላይ ካልተሳበ አልተሠራችም እላለሁ። ሲያማቸው «ቻይው! ሹሩባና ምጥ በመቻል ነው» እላለሁ፣ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

ዱቄቱን ያስተማረችኝ ሐጃ ሱዓድ ናት። ከድልድዩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ በገበያ ቀን ቶቧን ተከናንባ ትመጣና ከእኔ ፊት ለፊት ቆርቆሮዎቿን ትደረድራለች። ሒና አለ፣ የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት አለ፣ እነሱ ሲድር ይሉታል፣ በሳሙና ፈንታ ነው። ደግሞ ያ አንቺ የያዝሽው የህንዱ አለ፣ አምላ፣ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው፣ ስትቀምሺው የሚኮመጥጠው። መጀመሪያማ ሳቅሁባት። «ሐጃ፣ ይኸን ሁሉ ጠጉሩ ይብላው ወይስ እኛ እንብላው?» አልኳት። እሷ መች ትቆጣለች! ጎድጓዳ ሳህኗን አወጣች፣ አምላውን ከአብሽ ዱቄት ጋር ደባለቀች፣ ለብ ባለ ውሃ ለወሰችው፣ እንደ ገንፎ እስኪወፍር አቆየችው፣ እና ሹሩባዬን ፈትታ ራሴን በጣቶቿ እየለየች ቀባችኝ፣ ደረቅ ሲል በሲድሩ አጠበችኝ። ወይ ጉድ አልኩ! ጠጉሬ ሐር መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ሴቱ ሁሉ ሳልሠራው በፊት በሐጃ ዱቄት ነው የሚታጠበው። እሷ ታጥባለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ እንዲህ ሆነን ስንት ዓመት ከረምን።

ታዲያ ሐጃ አንድ ነገር አትወድልኝም፣ እጄን። አማርኛዋን ታውቂው የለ፣ ሴቱንም ወንድ ታደርገዋለች። «ትርንጎ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እጅህ ከባድ! ግንባር ጋ፣ ጆሮ ጋ፣ ላላ አድርግ። ሹወይ ሹወይ፣ ቀስ ቀስ! ዱቄት ይሰጣል፣ እጅህ ይወስዳል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ሐጃ፣ አንቺ ዱቄትሽን ሽጪ። ስለ ሹሩባ ጎንደሬን ማን ያስተምራታል?» እላታለሁ። ሴቱ ይስቃል። አየሽ ትዕቢቴን?

አሁን ወደ ብርቄ ልምጣልሽ። ብርቄ የልጄ ልጅ ናት፣ ታውቂያት የለ፣ ይቺ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምትወጣ የምትገባው። እናቷን፣ ልጄን፣ ወባ ነው የወሰዳት፣ ብርቄ ገና ጡት ሳትጥል። ልጄን አፈር በላት፣ ጠጉሯን ግን ለልጇ ትታልኝ ሄደች። ያው ራሱ ነው፣ ጥቁር፣ እፍን ያለ፣ ስፈታው ወገቧን አልፎ ይወርዳል። እና እኔ ያን ጠጉር ስይዝ ልጄን የያዝኩ ይመስለኛል። ለሌላው ሰው የምሠራው ለእንጀራዬ ነው፣ የብርቄን ግን የምሠራው ለራሴ ነው።

ከአራት ዓመቷ ጀመርኩ። የሰሊጡን ሹሩባ፣ የትልልቅ ሴቶችን። ማሳ አትወርድ፣ አታጭድ፣ ምን ያደርግላታል ትይኛለሽ። እኔ እንጃ! ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች፣ የሚያልፈው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል፣ ገበያ ትጠራልኛለች። ጠጉሩ ሲበቅል ደግሞ ግንባሩ ላላ ይላል አይደል፣ እኔ ላላ ያለ አልወድም፣ በየሳምንቱ የፊቱን ረድፍ እፈታና እንደገና አጠብቀዋለሁ። ግንባሯ ዳር ዳሩን ችፍ ችፍ ይላል፣ ቅቤ እለቀልቀዋለሁ። «እማ ያመኛል» ትላለች። እኔን ነው እማ የምትለኝ። «እማ፣ ስስቅ እንኳ ይስበኛል» ትላለች። «ቻይው!» እላታለሁ። አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ጉልበቴ ሲረጥብ ነው የማውቀው።

እና አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ መጣች። «ምነው ልጄ?» አልኳት። «ፀሐዩ ነው» አለች። በነጋታውም ፀሐዩ ነው፣ በሦስተኛውም ፀሐዩ ነው። የመተማ ፀሐይ ዛሬ ነው እንዴ የወጣው ብዬ ነጠላውን ሳብ ባደርገው፣ ሲስተር፣ ከሁለቱም ጆሮዋ በላይ፣ እስከ ግንባሯ፣ ጠጉሩ ሸሽቷል። ቆዳው እንደ መዳፍ ያብለጨልጫል። ልጆቹ «በራ» ብለው ስም አውጥተውላታል። እንዴት ሳታዪው ቀረሽ በይኝ። በየሳምንቱ እጄ ላይ ያለ ራስ እንዴት አላይም? የማየው ሹሩባዬን ነዋ! የልጅቱን ራስ አይቼው አላውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፣ እኔ ግን የራሴን እያማሰልኩ ነው ያሳረርኩት።

ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? ልጅቱን በእጇ እየጎተትኩ ገበያ ወጣሁ። «ሐጃ! መርዝ ነው የምትሸጪው! ልጄን በራ አደረግሽብኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የአምላውን ቆርቆሮ አንስቼ መሬት ላይ ደፋሁት፣ ሲድሩንም ደፋሁት። ገበያው ሁሉ ተሰበሰበ። ሐጃ አልጮኸችም። ተነሳች፣ የብርቄን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀና አደረገች፣ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ትርንጎ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ዱቄት መሃል ራስም ተቀብቷል። መሃል ለምን አልጠፋም?»

 እውነቷን እንደሆነ ሆዴ ያውቃል፣ ስለዚህ የበለጠ ጮኽኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴቱ ሁሉ «የሐጃ ዱቄት ጠጉር ያረግፋል፣ ትርንጎ ራሷ ተናግራለች» አለ፣ የሚገዛት ጠፋ። ጥቂት የገበያ ቀን መጣች፣ ቆርቆሮዎቿን ደርድራ ዋለች፣ ማንም ሳይጠጋት ሰብስባ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። እኔም እሰይ አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ እሰይ ነው ያልኩት!

ደግሞ የባሰው ሌላ ነው። ገላጣው እንዳይታይ ብዬ ከኋላ ያለውን ጠጉር ወደ ፊት እየሳብኩ መሸፈን ጀመርኩ። ለመሸፈን ደግሞ ከድሮው የበለጠ ማጥበቅ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሳደርግ የተረፈውም ተነቀለ። ሲያቅተኝ ጎንደር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዣት ወጣሁ። ሐኪሙ ራሷን በጣቱ ዳሰሰ፣ በመብራት አየ፣ እና «ማነው የሚሠራሽ?» አላት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። አፌን ልከፍት ስል ብርቄ ቀደመችኝ። «እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው» አለች።

«እንዲህ አጥብቀሽ? ምን ነካሽ?» ብሎ ተቆጣት። «ሥሩ ሞቷል፣ በየጊዜው ሲጎተት ሞቷል፣ ከእንግዲህ በዚህ ቦታ አይበቅልም። ቀደም ብለሽ አላልተሽው ቢሆን ይመለስ ነበር» አላት። አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ስለ እኔ ትሰደባለች። እኔ ምን አልኩ? ምንም። እኔ ነኝ የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ተነሥተን ወጣን፣ አውቶቡስ ላይ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እስከ ሸሕዲ ድረስ ተኛች።

ከዚያ ሐጃን መፈለግ ጀመርኩ። ብሄድ ገላባት የለችም፣ «ወደ መሃል አገር ገብታለች» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ይኸ የሱዳን ጦርነት መጣ። ሰዉ ልጁን አዝሎ በእኛ በኩል ሲፈስ አይተሽዋል፣ አንቺም ክትባት ስትሰጪ ከርመሻል። መንገድ ዳር ውሃ ይዤ እቆማለሁ፣ ቶብ የለበሰች ባየሁ ቁጥር «ሐጃ ሱዓድን ታውቂያታለሽ? ዱቄት የምትሸጠዋን?» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ «ሱዓድ ብዙ ናት እናቴ፣ የትኛዋ?» አለችኝና የራሷን ሰዎች እየጠራች አለቀሰች። ውሃውን ሰጠኋት። ሌላ ምን እሰጣታለሁ? በሕይወት ትኑር፣ አትኑር፣ አላውቅም። ኖራ ባገኛትስ ያን የደፋሁትን በምን እመልሳለሁ?

እንግዲህ ብርቄ ይኸው አድጋለች። ባለፈው ዓመት ከኮኪት አንድ ደህና ልጅ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አልፈልግም አለች። ለምን ብላት «ሻሼን የማወልቅበት ቀን ይመጣላ» አለችኝ። እዚህ ቤት ውስጥ እንኳ አታወልቅም፣ እኔ ፊት። በተለይ እኔ ፊት።

በይ አሁን ራስሽን ወዲህ አዙሪ፣ ዱቄቱ ይቆየን። ይኸው! ግንባርሽ ዳሩን ችፍ ብሏል። ማነው የሠራሽ?

(«ትናንት ነው እኮ እማማ፣ ሸሕዲ ነው የተሠራሁት» አልኳቸው።)

ትናንትም ይሁን ዛሬ ፍቺው! አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ። ሐኪሙ ቀድሞ ከላላ ይመለሳል ብሏል፣ ያንቺ ሰዓት ገና አላለፈም። ዱቄቱ እንዳልኩሽ ነው፣ ከአብሽ ጋር፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ዓይንሽ እንዳይገባ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃሻል። ዱቄቱ ጥፋት የለበትም፣ ግን የሞተ ሥር አያስነሣም። ልሥራሽ እንዳትዪኝ ብቻ። ወስፌዬን ከጣልኩ ቆየሁ፣ የሰው ራስ አልነካም።

(ፀጉሬን እየፈታሁ፣ «እማማ፣ ብርቄን ይቅርታ ጠይቀዋታል?» አልኳቸው። ሳቁ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ የዱቄቱን ፌስታል አንስተው መፍታት ጀመሩ።)

ጠይቄያታለሁ ወይ! አንድ ጊዜ ምሳ አቅርባልኝ ሳለ፣ «እማ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያኔ ሳለቅስ አትሰሚኝም ነበር?» አለችኝ። አልሰማም ነበር ብላት ታምነኝ ነበር፣ ልጅቱ ልታምነኝ ተዘጋጅታ ነው የጠየቀችኝ። «እሰማሽ ነበር ልጄ፣ እየሰማሁ ነው ያጠበቅሁት፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።  ከዚያ ወጡን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችና፣ «ብይ እማ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።