ያላንኳኳሁበት ማክሰኞ

አሰላሙ ዐለይኩም። የተከበራችሁ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እናንተም ከአጥሩ ወዲያ የቆማችሁ እናቶቼና እህቶቼ። ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ወንድሜን ስለሸኛችሁልኝ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ንግግር አልችልም። የማውቀው ሸሚዝ መተኮስ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ከዚህ ጉድጓድ ዳር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከማክሰኞ ጀምሮም አልወሰደኝም።

ብዙዎቻችሁ «ሼህ ካውያ» ትሉት ነበር። ለቀልድ ያወጣችሁለት ስም ነው፤ እሱ ግን ወደደው። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ፊት ለፊት በተጋጠሙ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ፣ እሱና እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኮስን። እሱ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘ ሰው ነው። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ ከፋቲሓ ሌላ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። «አሁንማ ጭንቅላቴ ደርቋል» አልኩት። «የደረቀ ልብስም ውሃ ሲረጩበት ይተኮሳል» አለኝ።

ዘዴውን ታስታውሳላችሁ? እዚያ ክፍል የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ሸሚዝ አንድ አንቀጽ። ኮሌታው ላይ እሱ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ። እጅጌዎቹ ላይ አብረን እንላለን። ጀርባው ላይ እኔ ብቻዬን። ከዚያ የትናንቱን እደግማለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ወር። ስሳሳት ቃል አይወጣውም። ካውያውን ማስቀመጫው ላይ ሁለቴ ያንኳኳል። ጠቅ ጠቅ። እመለሳለሁ። በተራው እሱ ሲደግም እኔ ሙስሐፉን ጠረጴዛዬ ጥግ ዘርግቼ እሰማለሁ፤ ሲሳሳት አንኳኳለሁ። «ሰሚ የሌለው ሰው ስህተቱንም አብሮ ይሸመድዳል» ይል ነበር።

ሸሚዙ ቢያልቅም አይታጠፍም። «ምን አለ?» ይለኛል። ትርጉሙን በራሴ አፍ ካልነገርኩት ሸሚዙ እዚያው ተዘርግቶ ይቀራል። «ሳይገባህ ብታነበንበው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ሱረቱ አር-ረሕማን ላይ ነበርን። የጌታን ጸጋ እየዘረዘረች፣ ከዚህ ሁሉ የትኛውን ትክዳላችሁ እያለች ደጋግማ የምትጠይቀው ሱራ። ከሰው የሰማሁትን ትርጉም አሳምሬ ተረኩለት። «የሰውን ተወውና፣ ያንተ የዛሬው ጸጋ የቱ ነው?» አለኝ። ግራ ገባኝ። ቀና ስል አምፖሉን አየሁ። «ዛሬ መብራት አልጠፋም» አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ገባህ! በል እጠፈው» አለኝ። ቁርኣን ለእኔም እንደሚናገር የገባኝ ያን ቀን ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ።

ግማሽ ጎኑን ካመመው ወዲህ ካውያ ማንሳት አልቻለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይደግማል፤ እኔ እየተኮስኩ እሰማለሁ። ያለፈው ማክሰኞ ያችኑ ሱራ ጀመረ። ከሁለቱ ባሕሮች አንቀጽ ተነስቶ ቀጥታ መርከቦቹ ላይ ገባ። መሐል ያለው የሉሉ አንቀጽ ቀረ። ካውያው በእጄ ነበር። ለምን አላንኳኳሁም? የተጣመመ አፉን አየሁ። ላቡን አየሁ። ሆዴ ባባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተላልፈነው የማናውቀውን ነገር አሳለፍኩት። ሲጨርስ «ልክ ነው?» አለኝ። ምን አልኩት? «ልክ ነው» አልኩት። ዓይኔን ግን ከሸሚዙ አላነሳሁም።

ትናንት አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ልንገረው አልኩና፣ ነገ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ።

ፈራሁ። ስህተቱን ይዞ ሄደ? ያስያዝኩት እኔ ነኝ? ስለ ራሴማ አሁንም እፈራለሁ። ከቁርኣን ሠላሳ ክፍሎች ሃያ ስምንቱን ይዣለሁ፤ ሁለት ይቀረኛል። ማን ይሰማኛል? ወደዚህ ስንመጣ መኪና ውስጥ ለራሴ ስደግም አንድ ገጽ ላይ ሦስቴ ዞርኩ። መውጫው ጠፋኝ። ጆሮዬ ያቺን ጠቅ ጠቅ ይጠብቃል። ማን ያንኳኳልኛል?

ጠዋት ቤቱ ስደርስ ለልጁ፣ ለነርሷ፣ ነገርኳት፤ ያቻት ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች። አልተቆጣችኝም። «ማክሰኞ ቤት ሲገባ ለእኔም ደገመልኝ» አለችኝ። «ያችኑ ቦታ ዘለላት። ጠረጴዛውን አንኳኳሁ። ‹የት ላይ?› አለኝ። ‹ሉሉ ላይ› አልኩት። ከመጀመሪያው ጀመረና አስተካክሎ ጨረሰ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ተነፈስኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ከዚያ በጣም ከፋው። ‹ያ ሰውዬ ሰምቶኛል፤ አላንኳኳም። አዝኖልኝ ነው› አለ። ‹የሚያዝንልሽ ሰው እኮ ብቻሽን ነው የሚተውሽ። እኔ ስሄድ እሱንም እንዲህ እያዘኑ ቢያሳልፉትስ?› አለኝ። የተጨነቀው ስለ ራሱ አይደለም፣ አጎቴ። ስለ እርስዎ ነው።»

ሰማችሁ? ሞት ደጃፉ ቆሞ፣ እሱ ለእኔ ሁለት ክፍል ይጨነቃል!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። «በዚህ ዕድሜው ለፍቷል፣ ይለፈው» አትበሉኝ። ቁርኣን የያዛችሁ ኑና ስሙኝ። ያልያዛችሁም ሙስሐፉን ዘርግታችሁ ተከተሉኝ። ወንበሩ እዚያው አለ። አትዘኑልኝ፤ አንኳኩልኝ።

አንተ ወንድሜ፣ ልጅህ ቀድማኛለች። የእኔ ድርሻ ግን የእኔ ነው። ማክሰኞ ልክ አልነበርክም። ዋሸሁህ፤ አውፍ በለኝ። ከሁለቱ ባሕሮች ቀጥሎ ሉሉ አለ፤ መርከቦቹ ከዚያ በኋላ ናቸው። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ይኸው፣ ሁለት ቀን ዘግይቼ፣ በዚህ አካፋ እጀታ ላይ አንኳኳሁልህ።

ጠቅ ጠቅ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።