ስለ ታጠፈ አንጀት

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. የፋሲካ ማክሰኞ፣ ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ መንገድ ላይ ቃሬዛ ቆሞ አገኘን። እኔ የሐኪም ቤት ካርድ ጸሐፊ ነኝ፤ አብሮኝ የነበረው አበረ ደግሞ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነው። ቃሬዛው ላይ የተኙት ገበሬ አቶ እንዳላማው፣ «ወደ ቤቴ መልሱኝ» እያሉ ተሸካሚዎቹን አስቁመዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል አጠገባቸው ቆመው ያለቅሳሉ። አበረ ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ ተነፍቷል።

«መቼ ጀመረዎት አባቴ?»

«በፋሲካ ዕለት። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ፣ ዶሮውንም በጉንም ባንድ ማዕድ በላሁ። ከዚያ ቆረጠኝ። ወጌሻ ሁለት ቀን አሸኝ።»

«ማሸቱ አባሰው። ባዶ የሰነበተ አንጀት ባንዴ ሲጫኑት ይታጠፋል። የታጠፈው ደም አያገኝም፤ ይሞታል። የሞተው ካልተቆረጠ እርስዎንም ይወስዳል።»

«ቆርጣችሁ ለውሻ ልትሰጡት?»

«ይቀበራል።»

«እኔን ቀድሞ? በትንሣኤ ቀንስ ጎዶሎ ሆኜ ልነሣ?»

«ጥርስዎን ሲያስነቅሉ ይህን አስበው ነበር?»

አቶ እንዳላማው ሊስቁ ሲሉ ሕመሙ ያዛቸው። ወይዘሮ የብርጓል ጣልቃ ገቡ።

«ከጎደለ ከእኔ ቆርጣችሁ ቀጥሉላቸው።»

«እናቴ፣ በውጭ አገር ያንዱን አንጀት ለሌላው ለመትከል ሞክረዋል። ነገር ግን ሰውነት የባዕድ ሥጋ አይቀበልም፤ በዚያ ድኖ የኖረ ሰው አልሰማሁም። ያላቸውን ነው ማትረፍ። በዘገየን ቍጥር የሚቆረጠው ይበዛል።»

ሰውየው የፈሩት ግን ቢላዋውን ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ።

«ብሞትስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሊሞቱ ይችላሉ። ከሞቱ እኔ ራሴ ከደብርዎ አድርሼ አስቀብርዎታለሁ።»

«አትሞትም ብትለኝ ኖሮ አላምንህም ነበር» አሉና ለተሸካሚዎቹ በእጃቸው ወደ ከተማው አመለከቱ።

በዚያው ምሽት ሐኪሙ ሆዳቸውን ቀደደ። ከትንሹ አንጀታቸው ከግማሽ በላይ ሞቶ ስለ ነበር ተቆርጦ ወጣ። ዳኑ፤ ነገር ግን የበሉት አልረጋላቸው አለ። በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳሉ፤ ሞፈር የሚይዝ ጕልበትም የላቸውም።

በዓመቱ ጎረቤታቸውን አወቀን ሆዱን ቆረጠው። ወጌሻ ሲጠራ አቶ እንዳላማው በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ፤ በዕለቱም ወደ ሐኪም ቤት ላኩት። አንጀቱ ገና አልሞተም ነበርና ሐኪሙ ፈትቶ መለሰለት፤ ምንም አልተቆረጠም።

በሰኔ ስጎበኛቸው አወቀ ሲያርስ፣ እርሳቸው ከማሳው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ጻፈው» አሉኝ። «ሆድ ሲቆርጥ አታሳሹ፤ ሳይመሽ ሐኪም ቤት ሂዱ በል። እርሱ በሰዓቱ ሄዶ ያርሳል። እኔ ሁለት ቀን ዘግይቼ አያለሁ።»