የመጋዘኑ ሰንሰለት

አናጢው መኪናውን በሥራ ቤቱ ደጃፍ አቁሞ፣ ወገቡን ደገፍ አድርጎ ወረደና ሳንቃውን ሊያራግፍ ወደ ኋላ ዞረ። ተሳቢው የለም። ጠዋት በገዛ እጁ ከፒክአፑ ጋር ያያዘው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ሃያ ወፍራም ሳንቃ የጫነበት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ በቦታው የለም። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ጎንበስ ብሎም ከሥሯ አየ፤ ያን የሚያህል ነገር ከመኪና ሥር የሚገኝ ይመስል።

ዳገቱን ሲወጣ መኪናዋ ድንገት ቀለል እንዳለችው አሁን ትዝ አለው። ትናንት ዘይት ስለቀየረላት መስሎት ደስ ብሎት ነበር፤ እንዲያውም ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርጎ አመስግኗታል።

በዚህ መሀል የእህቱ ልጅ ደረሰች። በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና አስተማሪ ናት፤ ክፍሏ ቀደም ብሎ ስላለቀ አጎቴን ሰላም ልበል ብላ ጎራ ማለቷ ነበር። ፊቱን ስታይ ሰላምታው አፏ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?»

«ተሳቢው ጠፋብኝ» አላት፣ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው በቀስታ።

ልጅቷ ወደ መጎተቻው ብረት ጎንበስ አለች። ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው ወፍራም ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ባዶውን ነው። ቁልፉን ከእጁ ተቀበለችውና፣ «ይግቡ፣ እኔ ልንዳ» አለች።

መንገድ ላይ ግራ ቀኙን እያየች ጠየቀችው። «ፒኑ ወደ ላይ እንዳይዘል ከሥር የሚይዘው ማገጃ ነበረው። እሱ የት ሄደ?»

«አምና ጠፋ። ሚስማር አደረግሁበት።»

«ሚስማር አሉኝ?»

«ትልቁን ሚስማር ነው እኮ፤ አጥፌ ቀጥቅጬዋለሁ። ደግሞ ለሚስማር እኔ መካሪ ያስፈልገኛል? አርባ ዓመት በሚስማር ኖሬያለሁ።»

«እንጨት ውስጥ የገባ ሚስማር አርፎ ይቀመጣል፣ ጋሼ። ይሄኛውን ግን ዓመት ሙሉ ብረት ከብረት ጋር ሆኖ ሲያኝከው ነው የከረመው። እሺ፣ ሚስማሩ ይቅር። ተሳቢው ሲገዛ ሁለት ሰንሰለት ነበረው። እነሱስ?»

አናጢው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እዚህ ላይ የሰውየውን ነገር ሳይደብቁ መናገር ይሻላል። ሰፈሩ ጋሽ አይነቃነቅ ይለዋል። በር ገጥሞ ሲጨርስ፣ ወንበር ሠርቶ ሲያስረክብ፣ በሁለት እጁ ወዝወዝ አድርጎ «አይነቃነቅም» ሳይል አይሄድም፤ እውነትም አይነቃነቅም። ሰንሰለቶቹን ግን መንጫጫታቸው ሰለቸውና ፈታቸው። አንዱን ለሳንቃ መጋዘኑ በር የላይኛው መቆለፊያ፣ ሌላውን ለታችኛው አደረጋቸው።

«ሳንቃ ይሰረቃል» አለ በመጨረሻ። «ተሳቢ ግን ከመኪናው ኋላ ወዴት ይሄዳል ብዬ ነው።»

ይህን ብሎ ራሱ ደነገጠ። ወዴት እንደሄደ ሊፈልጉ ነበርና የወጡት።

«ደግሞ» አለ ድምፁን ጠበቅ አድርጎ፣ «አንዴ በደንብ ያሰሩትን በሰንሰለት መድገም የራስን ሥራ መጠርጠር አይሆንም? እኔ በር ስሠራ ከበሩ ኋላ ሌላ በር አልሠራም።»

«ጣራ ላይ የሚወጡበትን መሰላል ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ሲወጡ ለምን ሰው ጠርተው ያስይዙታል?»

«ድንገት ቢንሸራተትስ?»

«ይኸው ነው፣ ጋሼ። መሰላሉን ንቀው አይደለም የሚያስይዙት።»

ባለሙያ ሰው እጁን ያምናል፤ ማመኑ ባልከፋ። ጉድጓዱና ዳገቱ ግን የማንንም ሙያ አያውቁም፣ እጁ የተመሰገነ ነው ብለው አያዝኑለትም። ለሰንሰለት የሚሆነው ክርክር ይኼ ብቻ ቢሆን እንኳ በቂ ነበር።

ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ከታች ሰው ተሰብስቧል። ሰዓቱ ተማሪ የሚለቀቅበት ነው።

«ልጅ እንዳይሆን» አለ አናጢው። «ልጅ ብቻ እንዳይሆን።»

ልጅቷ መሪውን ጨብጣ ቁልቁል ነዳች።

ተሳቢው ኋሊት ተንደርድሮ መንገዱን አቋርጦ፣ የልብስ ሰፊውን ሱቅ በር ገንጥሎ እስከ ወገቡ ገብቷል። የስፌት መኪናው ከጎማው ሥር ተጣጥፏል። ልብስ ሰፊው ውጭ ቆሟል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ የአንድ ሱሪ እግር እጁ ላይ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም። ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል።

«ጥቁር ክር አለቀብኝ» አለው አናጢውን ሲያይ፣ ሌላ ሰላምታ ሳይሰጠው። «ከጓዳ ላመጣ ተነሳሁ። ዞር ስል ወንበሬ የለም።»

አናጢው ወደ ውስጥ አየ። ወንበሩ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ ያስረከበ ዕለት ወዝውዞ «አይነቃነቅም» ብሎበታል። ከሱቁ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ወዳጄ፣ ሰንሰለት ነበረኝ» አለ። «ጠፍቶብኝ እንኳ አይደለም። ሳንቃዬን ቆልፌበታለሁ።»

«ሳንቃህ አንድም አልተነካ» አለ ልብስ ሰፊው ወደ ሱቁ እያሳየ። «ይኸው፣ በሙሉ አለ።»

ከዚህ ወዲያ አናጢውን መምከር አላስፈለገም።

በማግስቱ ጠዋት ተሳቢው ተመልሶ፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች ከመጋዘኑ በር ወርደው ግቢው መሀል ተዘረጉ። የእህቱ ልጅ አዲስ ማገጃ ይዛ መጥታለች። ሰንሰለቶቹን በተሳቢው አንገት ሥር አመሳቅላ፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ከመኪናው ሥር ባለው የሻንሲ ብረት ላይ አያያዘቻቸው።

«ለመታጠፍ ያህል ላላ ይላል፤ መሬት እስኪነካ ግን አይላላም። አሁን ፒኑን እንንቀለውና መኪናውን በቀስታ ላስኬደው።»

ፒኑ ተነቀለ፤ መኪናው ፈቀቅ አለ። የተሳቢው አንገት ወደቀና ከመሬት ሳይደርስ የተመሳቀሉት ሰንሰለቶች ላይ አረፈ። ተሳቢው ዕርፍ ብሎ መኪናውን ተከተለ። አናጢው እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ወዘወዘው።

«ይነቃነቃል» አለ፣ ቆም ብሎ። «ግን የትም አይሄድም።»

ለልብስ ሰፊው አዲስ በርና አዲስ ወንበር ሠራለት፤ የስፌት መኪናም ተካለት። እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ተራ ለሚጠብቁት ባለ ተሳቢዎች ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰንሰለት ሆነ። «ፒን ቢዘል፣ ብሎን ቢበጠስ፣ ሰንሰለት ያለው ሰው ኳኳታ ሰምቶ ጥግ ይዞ ይቆማል» ይላቸዋል። «ንብረቱም ከኋላው ነው፣ መንገደኛውም ቤቱ ይገባል፣ እሱም ይተኛል። እኔ ያን ቀን የሰማሁት ነገር የለም፤ መኪናዬን እያመሰገንኩ ነበር።» መጋዘኑን አሁን በገመድ ነው የሚያስረው።

ሳንቃ ጭኖ በመጣ ቁጥር፣ ዳገቱን ሳይጀምር ልብስ ሰፊው ደጅ ይቆማል። ልብስ ሰፊው ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሰንሰለት ይስበዋል፣ ሌላውንም ይስበዋል። ፒክአፑ ዳገቱን ወጥታ ከዓይኑ እስክትሰወር ድረስ ውጭ ቆሞ ያያታል፤ ገብቶ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።