ኪስ የሌለው ልብስ

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ዕድሜዋን ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ ልብስ ስትሰፋ ስለኖረች ነው የሚሉ አሉ። የሚያውቋት ግን በምላሷ ነው ይላሉ። ያልነካትን ሰው ፈልጋ የምትወጋ ሴት ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርትና ድንች የሞላ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በድሮ መሥሪያ ቤቷ በር ስታልፍ፣ የእህቷን ልጅ አገኘቻት። ልጅቷ እዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሮጣ መጥታ አክስቷን ሳመች፤ ፊቷ ግን ኩርፊያ ነበረበት።

«አክስቴ፣ ይህን ያህል ተቀያይመናል እንዴ? ጋሼ ሲታመሙ አይነገረኝም?»

«የትኛው ጋሼ?»

«የእርስዎ ባለቤት ናቸዋ። ወንዶች ክፍል አልጋ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ማን እንዳስተኛቸው ለማወቅ ካርዳቸውን ብፈልግ አጣሁት።»

መርፌ ሳቀች። «የታመምሽውስ አንቺ ነሽ፣ ዓይንሽን። ባሌን እቤቱ ትቼው ነው የወጣሁት። ፒጃማውን ለብሶ፣ ጋደም ብሎ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ምን ዓይነት ፒጃማ?»

መርፌ ዘንቢሏን ወደ ሆስፒታሉ በር አዞረች።

ፒጃማው እንዲህ ነው። እሷ ጡረታ ስትወጣ፣ ከበሽተኛ ልብስ የተረፈ ጨርቅ፣ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ «ለጓዳሽ ይሁንሽ» ብለው ሰጧት። የሚጣል ነገር ማየት አትወድም። ባሏም ዕድሜውን ሙሉ የነዳውን የከተማ አውቶቡስ አስረክቦ ቤት ሲቀመጥ፣ ከዚያው ጨርቅ ሦስት ፒጃማ ሰፋችለት። እጇ የለመደውን ነው የሠራው፤ ኮሌታ የለው፣ ወገቡ በክር የሚታሰር፣ ኪስ የሚባል ያልፈጠረበት። የሹፌርነት ጃኬቱን፣ ሱሪውንና ባርኔጣውን ግን ቦርሻ፣ አጣጥፋ፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። ለቁም ነገር ቀን። ሰውየው እየዋለ እያደረ አልጋ ወደደ፣ ምግብ ጠላ፣ ደረቱን መዳበስ አመጣ። እሷም «እርጅና ነው» ብላ ፈረደች።

ዘንቢሏን እየጎተተች በሩ ላይ ደረሰች። አዲስ የተቀጠረው ዘበኛ «ባሌን ማን አስገባው?» የሚለውን ጥያቄዋን ሲሰማ ደነገጠ።

«እማማ፣ በሽተኛ ከጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አባባ ማዶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው ነበር። ‹አባባ፣ ማን ፈቀደልዎ? ወደ ክፍልዎ ይመለሱ› አልኳቸው። ‹እሺ ልጄ› ብለው ቀድመውኝ ገቡ። በሽተኛ ካልሆኑ ለምን አልሆንኩም አላሉኝም?»

«ልብሱን ብቻ ዓይተህ ሰው ታስራለህ?»

«ታዲያ ምን ልይ፣ እማማ? ልብሱማ የኛ ነው።»

መርፌ አልፋው ገባች። ልብሱ የማን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረማ።

ወንዶች ክፍል ስትገባ አልጋው ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሁሉም ነጭና ሰማያዊ ለብሷል። ዓይኗን በረድፉ ላይ አሳለፈች፤ ባሏን አጣችው። እንደገና ስትመለከት ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንዴ አልፋው ሄዳ ነበር። አብራው ያረጀችውን ሰው፣ በገዛ እጇ ያለበሰችውን ሰው፣ ዓይኗ ከበሽተኛ ሳይለየው አልፎት ነበር።

«አንተ፣ ምን ልትሠራ ገባህ?»

«ግባ አለኝ፣ ገባሁ።»

«አልታመምኩም አትልም? አፍ የለህም?»

ሽማግሌው እጅጌውን ተመለከተ። «ልል ነበር። ልብሴን ሳየው ግን ሰውየው ልክ ሳይሆን አይቀርም አልኩ።»

«በል ተነሥ፣ እንሂድ።»

«እዚህ ይሻለኛል» አላት። ሊያስቀይማት ፈልጎ አይደለም፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እዚህ ሁሉም እንደኔ ነው የለበሰው። ቤት ስሆን በሽተኛው እኔ ብቻ ነኝ።»

ከጎኑ የተኛው፣ እግሩ በፋሻ የታሰረ ጎልማሳ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቢሰድባት ትመልስለት ነበር። ላፈረልሽ ሰው ምን ይመለስለታል?

ቀድማት የገባችው ነርስ አክስቷን ደግፋ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻትና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«እርስዎ በር ላይ ሳሉ ዶክተሩ አይቷቸዋል» አለቻት። «ደማቸውም ልባቸውም ደህና ነው። በሽታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ለብሰውታል።»

መርፌ ይህን ስትሰማ ተነሣባት። ያፈረ ሰው ፈጥኖ የሚያነሣው ቁጣን ነው። «ይህን ሁሉ ተምረሽ ያመጣሽው ይሄን ነው? ልብስ ገላ ይሸፍናል፣ ብርድ ይከላከላል፣ አበቃ። ልብ ድረስ ዘልቆ የሚሰፋ መርፌ የለም። ቢኖር እኔ አላጣውም።»

«ልብስ መድኃኒት ነው አልወጣኝም፣ አክስቴ። የታመመ ሐኪም ያሻዋል። ግን ሰው ጠዋት የሚለብሰው ነገር ስለራሱ የሚሰማው የመጀመሪያው ወሬ ነው። አንዱ ልብስ ‹ሥራ አለህ› ይለዋል፣ ሌላው ‹ተኛ› ይለዋል። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየማለዳው የሰሙት ‹ተኛ› የሚለውን ነው። እኛ እንኳ በሽተኛው እየተሻለው ሲመጣ የራሱን ሸሚዝ እናስለብሰዋለን። ያን ቀን አልጋውን ራሱ ያነጥፋል።»

«እናንተ መስታወት ፊት ለምታጠፉት ጊዜ ሰበብ ሞልቷችኋል። ላዩን ማሽሞንሞን፣ ውስጡን ለቄስ።»

«መሽሞንሞን አይደለም። ይህን ሻርፕ ይዩት» አለችና አንገቷ ላይ ያለውን ቢጫ ሻርፕ ጫፉን አሳየቻት። የእጥበት ብዛት ያነጣው ነበር። «አርጅቷል። ግን ክፍላችን ውስጥ ሰው በሞተ ማግስት ይህን ካላሰርኩ መግባት ያቅተኛል። የሰጠችኝ ጓደኛዬ ናት፤ ሳስረው ሳቋ ትዝ ይለኛል። ደግሞ ውድ ቀሚስ ነበረኝ፤ ለብሼው የተዋረድኩበት ቀን ስላለ በለበስኩት ቁጥር ያ ቀን አብሮኝ ይውል ነበር። ለሌላ ሰው ሰጠሁት። እሷን ምንም አላደረጋት። ጠዋት ልብስ ሳነሣ ‹ዛሬ ምን ይጠብቀኛል? ልቤስ ምን ጎደለው?› ብዬ ነው። ይህ ማሰብ ነው እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።»

«እኔ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብኝም። እጄ የገባውን ለብሼ እወጣለሁ።»

ነርሷ ትክ ብላ አየቻት። «አንገትዎ ላይ ያንጠለጠሉት ምንድን ነው?»

መርፌ አጎንብሳ አየች። «ሜትር ነው።»

«ወገብዎ ላይስ?»

«ሽርጤ ነው፤ የሥራዬ። ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ጡረታ የወጡ መስሎኝ ነበር። ድንች ሊገዙ በሜትር ነው የሚሄዱት?»

«እንግዲህ አትቀልጂብኝ። ጠዋት ካላሰርኩት ወገቤ አይቆምልኝም። ራቁቴን የወጣሁ ነው የሚመስለኝ። ሰው መሆኔን እንኳ...»

ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ቀረ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ነርሷም ሻርፗን አስተካክላ ተቀመጠች። የክርክር አዋቂ ማለት እዚህ ላይ ሲደርስ የሚያርፍ ሰው ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል እንደሚባለው፣ መርፌ ለራሷ በየማለዳው የሠራተኛ ሽርጥ፣ ያውም ባለ ሰፊ ኪስ፣ እያሰረች፣ ለባሏ የበሽተኛ ልብስ ስታለብስ ኖራ፣ «አልጋ ወደደ» ብላ የምታማው እሷው ነበረች።

«ጃኬቱን ጠይቆኝ ነበር» አለች ወለሉን እያየች።

«ምን አሏቸው?»

«ተይኝ።»

«ምን አሏቸው፣ አክስቴ?»

«‹የት ልትሄድ?› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።» ሽርጧን ጨመደደችው። «ለቁም ነገር ቀን ብዬ ነበር የቆለፍኩት።»

«ቁም ነገሩ እሳቸው ናቸው፤ ጃኬቱ አይደለም።»

መርፌ ተነሥታ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። ዘንቢሏን እንኳ እዚያው ረስታዋለች። በበሩ ስታልፍ ዘበኛው እንዳያናግራት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በሕይወቷ ከማንም ፊት ሸሽታ አታውቅም ነበር።

ሣጥኑን ከፍታ ጃኬቱን ስታወጣ፣ የደረቱ ኪስ አፍ ተበልቶ በእጅ የተሰፋ ነው። የሰፋችውም እሷ ነበረች። ያን ኪስ ምን እንደበላው ታውቃለች፤ አውቶቡሱን ባቆመ ቁጥር ቁልፉን የሚከትበት ነው። ሰውየው ደረቱን ሲዳብስ ሕመም የመሰላት ነገር አሁን ገባት። እጁ ኪሱን እየፈለገ ነበር። ይህን ያህል ዘመን የሰው ልክ ስትለካ የኖረች ሴት፣ የባሏ እጅ የት ማረፍ እንደሚፈልግ አላወቀችም። ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰው ስለሌለ ነው ያለቀሰችው፤ ሰው ቢኖር እሷ አታደርገውም።

ልብሱን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ባሏ እንደተወችው ተቀምጧል። ጃኬቱን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

አየው። እሷንም አያት። ከዚያም በምንም ክፋት ሳይሆን፣ የምር ለማወቅ ፈልጎ፣ «የት ልሄድ?» አላት።

የገዛ ቃሏ ነበር። እንዳለ አኑሮት፣ እንዳለ መለሰላት። ያ በፋሻ የታሰረው ጎልማሳ አሁን ወደ እነሱ ዞሯል፤ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ ነው። መርፌ ጎንበስ ብላ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።

«የትም። ሳትሄድም ልበሰው። ያሳመምኩህ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ብዙ አልቆየም። መጋረጃው ተስቦለት ለበሰ፤ ትከሻው ጃኬቱን ሊሞላ ቀና አለ። ባርኔጣውን ደፋ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደና ኪሱ ውስጥ ገባ፤ እዚያም ቆየ።

ወደ በሩ ሲደርሱ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ከጥቂት ሰዓት በፊት ነድቶ ያስገባው ሰውዬ መሆኑን አላወቀውም።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሼ። ሰው ሊጠይቁ ነበር?»

«አንድ በሽተኛ ነበረኝ» አለ ሹፌሩ። «ዛሬ ወጣ።»

መርፌ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ተከተለችው። ዘንቢሉን የያዘላት እሱ ነው።

ያ ፒጃማ ዛሬ ወለል መወልወያ ሆኗል፤ ለእሱ ጥሩ ጨርቅ ነው። ሣጥኑ አይቆለፍም። ሹፌሩ ማለዳ ተነሥቶ የሚለብሰውን ራሱ ይመርጣል፤ ሰው ሊያይ ሲሆን ጃኬቱን፣ ግቢውን ሊያጸዳ ሲሆን የተጣፈውን ሹራብ፣ ሲከፋው እናቱ ትወደው የነበረውን ደማቅ ቀለም ያላትን ሸሚዝ። የመታመም ልብስ ሲታመም ብቻ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሄዳል፤ የድሮ ባልደረቦቹ መስኮት ከፍተው ይጠሩታል። በልቶ ይተኛል፤ ቤቱም ሳቅ ይሰማበታል። ይህ ሁሉ የመጣው አዲስ ልብስ ተገዝቶ አይደለም፤ የነበረው ልብስ ታስቦበት ስለተለበሰ ነው። ስለዚህ የምታነቡት ሁሉ፣ ጠዋት ሣጥናችሁን ስትከፍቱ ገላችሁን ብቻ አትጠይቁ፤ ልባችሁንም ጠይቁት። የምታለብሱት ሰው ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁት። ያልተማረ ሰው ሞኝ አይደለም። የኮራ ሰው ግን ሞኝ ነው፣ ቢማርም ባይማርም።

ዘበኛው በኋላ ነገሩን ሰምቷል። መርፌ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «እማማ፣ ዛሬ በሽተኛ አላመጡልንም?» ይላታል። እሷም ያ ሁሉ ምላስ እያላት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ይበላት።