ዳቦዬን የመዘነልኝ ሰው

እንደምን ዋሉ እትዬ ብዙወርቅ? ባቡሩ ዛሬም ዘገየ አይደል? ከድሬዳዋ ተጉዞ አቃቂ እስኪደርስ ፀሐዩ ዳቦውን ያደርቅብዎታል፤ በነጠላዎ ሸፈን ያድርጉት እንጂ። እስቲ ለጠጄ አንድ ቁራሽ ይስጡኝ... አዎ፣ ለእኔዋ ልጅ። ጉድ እኮ ነው፣ የዳቦ ሻጯ ልጅ ዳቦ ተገዝቶላት ስትበላ!

ኧረ አይዘኑልኝ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ንግድ ምኗ ነው? ድፎዬን በዓይኔ ልክ ነበር እኮ የምቆርሰው። ልጅ የታቀፈች በባቡሩ መስኮት እጇን ስትዘረጋ ሰፋ፣ ሱፍ የለበሰ ሲሆን ጠበብ... ይኼ ንግድ ነው? ታዲያ ከአብዮቱ ወዲህ መንግሥት ደግ አደረገ፤ ሚዛን የያዘ ሰው ላከልን። እውነቴን ነው። ያ የምግብ ዘይቱን ከምን ጋር እንደሚቀላቅለው የማይታወቅ ነጋዴ ስንቱን አልጋ ላይ አዋለ? ተቆጣጣሪ ሲመጣ አይደል የተገላገልነው? መንግሥት እጁን ከገበያ ያንሳልን እያሉ በጓዳ የሚያንሾካሹኩትን እኔ አልሰማቸውም።

የተላከልን ሰው ደግሞ... እንዴት ያለ ትጉህ መሰለዎት! ባቡሩ የሚቆመው ሰባት ደቂቃ ነው። እሱ ቁራሾቼን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ሚዛኑ እስኪረጋ እየጠበቀ መዘነልኝ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ባቡሩ ጮኾ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም... አንድ ሰው አይግዛኝ እንጂ መንግሥት የዳቦዬን ክብደት ልቅም አድርጎ ያውቀዋል! በመጨረሻ «ቁራሽሽ አይተካከልም» ብሎ ቅርጫቴንም የመሸጫ ፈቃዴንም ወሰደ። የጠጄ አባት ታሞ ከፋብሪካው ከቀረ ወዲህ የምታበላን ያቺው ቅርጫት ነበረች... ግን ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል? ዓይኔስ እንደ ሚዛን በግራም ባይለካ ጥፋቱ የማን ነው?

ብቻ ሞኝ ነኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሚዛኑን የያዘው ሰው ሚስት እዚሁ ጣቢያ ዳቦ ብትሸጥ... የእሷን ማን ይመዝነዋል?

በስመ አብ! እርስዎን ያልኩ መሰለዎት? የእርስዎ ባለቤት ሚዛን ቢይዝም እንዲያ ያለ ሰው ነው እንዴ? የእርስዎ ዳቦማ ምን መመዘን ያሻዋል፣ የእርስዎን እጅ የሚጠረጥር አለ? ይቺ ቁራሽ ቀለል ያለችኝም የእኔ እጅ ስለማይረባ ነው... ያው የአራተኛ ክፍል እጅ።

በሉ ልሂድ፣ ልጅቷ ትጠብቀኛለች። ያን ሰው ካገኙት ምርቃቴን ያድርሱልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ልጆቹን ያሳድግለት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ልጆቹም ነግደው ያትርፉ፣ ሰፊ ሱቅ ይክፈቱ... በየደጃቸውም መንግሥት ልክ እንደ አባታቸው ያለ ሰው ይመድብላቸው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።